የፍርሃት ማር

ሰሞኑን በልጅ ልጄ በሜሮን ላይ ጮኽኩ። የምትማረው አዲስ አበባ ነው፤ ለእረፍት እኔ ዘንድ ሮቤ መጥታ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ታነባለች። ከቤታችን ኋላ ያለው ስንዴ በኮምባይነር እየታጨደ ስለነበር ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ እብቁ እየተነሳ ያሰጣሁት በርበሬ ላይ ይሰፍራል። እኔ በርበሬውን እያራገፍኩ ለራሴ ስነጫነጭ «እማማ፣ ይሄ ሽማግሌ ባለርስት እኮ ነፍስ ነው» አለችኝ። የትኛው ብዬ ጠየቅኋት። ስሙን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

ሰውየው በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም፤ መጽሐፍ ውስጥ ያለ እንግሊዛዊ ነው። ባልተፈጠረ ሰው ላይ ይሄን ሁሉ ዘመን ቂም መያዝ ጤና አይደለም ትሉኝ ይሆናል። በሉ። ሜሮንም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኝ ጀመር። ትምህርት ሲከፈት አስተማሪያቸው እያንዳንዳቸውን እያስነሳ፣ የመጽሐፉን ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ምን እንደተሰማቸው ይጠይቃቸዋል። እሷም ባለርስቱ ደግ ነው፣ በገና ዕለት ማር ይዞለት የሚመጣው ጭሰኛ ደግሞ ሲወደው አንጀት ይበላል ልትል ተዘጋጅታለች። «አንቺ ጭሰኛ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮኽኩባትና በርበሬዬን ትቼ ገባሁ። በኋላ ግን ልጅቷ ምን ታድርግ ብዬ ተመልሼ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የነገርኳት ይሄንን ነው።

ያን መጽሐፍ ያነበብኩት ጎባ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ኮረዳ ሳለሁ። ጎባ ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነበረች። ሹሙ፣ ዳኛው፣ ወታደሩ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ የሚርመሰመሰው እዚያ ነው፤ ሮቤን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበር። ብርዱስ ቢሆን! ከሳነቴ ደጋ ወርዶ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብርድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገዱ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ እግራችን ስር ይንኮሻኮሻል። አባቴ ገበያው ጫፍ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገሰራ የሚመጡ ገበሬዎች ኮርቻቸውንና ጆንያቸውን እሱ ሱቅ አስቀምጠው ነው ገበያ የሚዞሩት፤ ስለዚህ የገሰራ ወሬ እኛ ቤት ሳይሰማ የሚያልፍ አልነበረም። ኦሮምኛዬንም የለመድኩት እዚያ ቁልፍ እየተከልኩ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስተር ፒተር የሚባል ወጣት ፈረንጅ ነበር። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሹራብ፤ ሰላምታ ሲሰጥ እስከ ወገቡ ጎንበስ ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ጠልቼው ይወጣልኝ ነበር። መጽሐፉን ይወደው ነበር፤ አያቱ የኖሩበት መንደር ልክ እንደዚያ ነው ይለናል፤ አጥሩ፣ ላሙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል። መጽሐፉ ስለማይበቃ ሦስት ሦስት እየሆንን በአንድ እንድናነብ አደረገን።

ለእኔ የደረሱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ጽጌ ናት፣ የቀኛዝማች ይርዳው ልጅ። ቀኛዝማች ገሰራ በኩል ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ጎባ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ከድር ነው፤ አባቱ ገሰራ ውስጥ የእኚሁ የቀኛዝማች ጭሰኛ ናቸው። መሬቱ እኮ የከድር አያት መሬት ነበር። ግብሩ አልተከፈለም ተብሎ ለመንግሥት ሆነ፣ ከመንግሥት እጅ ደግሞ ለቀኛዝማች ተሰጠ፣ የባለቤቱ ልጅ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አያነሳውም። ሦስታችን አንድ ዴስክ ላይ ተደርድረን፣ ጽጌ መሀል ሆና መጽሐፉን ትገልጣለች፣ እኛ ከግራና ከቀኝ አንገታችንን እናሰግጋለን።

ከድር ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ቁርአን ስለቀራ ሲያነብ ሰውነቱ ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛል፤ አንዴ ያነበበውን ደግሞ አይረሳም። ጎባ የሚኖረው አክስቱ ዘንድ ነበር። አክስቱ ደሃ ናት፤ ስለዚህ ከገሰራ ገብስ በአህያ ይመጣለታል፣ ያ ገብስ ሲመጣ ይማራል፣ ካልመጣ አይማርም። አንዳንድ ቀን እናቱ የላከችለትን ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ ይመጣና ለሦስት ያካፍለናል። ጽጌ ጣቷን እየላሰች ትበላ ነበር። ያ ገብስ ከማን ማሳ እንደመጣ አስባበት እንደሆነ እንጃ።

የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የገና ግብዣ አለ። ሽማግሌው ባለርስት እሳት ዳር ተቀምጦ ሲጨዋወት ጭሰኛው የማር እንጀራ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ይመጣል። ባለርስቱ ይቀልድበታል፣ መጠጥ ያስቀዳለታል፤ ጭሰኛው ይስቃል፣ ዓይኑን ይጠርጋል። ሚስተር ፒተር ይሄን ሲያነብልን ድምፁ ራራ። ከዚያ እነዚህን ሰዎች መጀመሪያ ስታዩአቸው ምን ተሰማችሁ ብሎ በየተራ አስነሳን። ምን እንደሚወድ እናውቅ የለ! ደግ፣ ለጋስ፣ ፍቅር ያለው እያልን ተራ በተራ ደረደርንለት። ጽጌ ተነስታ ባለርስቱ አባቴን ይመስለኛል ስትል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ አስተማሪውም ደስ አለው።

ከድር ግን ተነሳና ይህ ሰው ፈርቷል አለ። ማሩ ስጦታ አይደለም፣ እጅ መንሻ ነው አለ። ለእጅ መንሻ እንግሊዝኛ አጥቶ ትንሽ ተንገዳገደና፣ ጌታ ፊት ባዶ እጅ ስለማይቀረብ የሚያዝ ነገር ነው ብሎ አስረዳ። ከምን አወቅህ ሲባል፣ ጭሰኛው ባርኔጣውን አውልቆ ግባ እስኪባል በር ላይ መቆሙን አሳየ፤ የመሬቱ ውል የሚታደሰው በአዲስ ዓመት መሆኑ እዚያው ገጽ ታች ላይ በአንድ መስመር መጻፉንም አሳየ። እኛ ያቺን መስመር ዘለናት ነበር። ሚስተር ፒተር መስመሯን አይቶ ሳቀ፤ ገሰራን እንግሊዝ አገር ይዘህብኝ ሄድክ አለው። መጀመሪያ ያየነው ብዙ ጊዜ ያሳስተናል፣ ስታነብ ሐሳብህ ይለወጣል ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አስቀመጠው።

ጽጌ ማታ ራት ላይ ይሄንን ለቤተሰቧ እንደ ቀልድ አወራችው። በክፋት አይደለም። አባቷን ማሳቅ ነው የፈለገችው፣ ሳቁላትም አሉ።

እንግዲህ የኛ አገር ወግ ምን እንደነበር ላስረዳ፤ ሜሮንም አላወቀችውም። ጭሰኛ እህሉ ስለደረሰለት ብቻ ማጭድ ይዞ አይገባም። መጀመሪያ የጌታው ገማች መጥቶ እህሉ እንደቆመ ማሳውን ዞሮ አይቶ፣ ይሄ ይሄን ያህል ይወጣዋል ብሎ መገመት አለበት። የጌታው ድርሻ የሚቆረጠው በዚያ ግምት ነው። ገማቹ ሳያይ አንድ ነዶ ያጨደ እንደ ሌባ ይቆጠራል፣ ከመሬቱም ይነቀላል። ስለዚህ ገብሱ ሲነጣ ጭሰኛው ማር ወይም ቅቤ ይዞ ጌታው ቤት ይሄዳል፣ ማሩ ይገባል፣ ገማቹ ይላካል። ማሩ ካልገባ ገማቹ አይመጣም። ማንም ማንንም አይመታም፣ አይሰድብም። ብቻ አይመጣም።

የዚያን ኅዳር የከድር አባት ማራቸውን ይዘው እንደ ወትሮው ቀኛዝማች ደጅ ቆሙ። ቀኛዝማች ራሳቸው ወጡ። ፈገግ እንዳሉ «ልጅህ በፍርሃት ነው የሚያመጣው ብሏል አሉ። እኔ የፍርሃት ማር አልበላም» ብለው ማሩን መለሱላቸው። ሽማግሌው ምን እንደተባለ እንኳን አልገባቸውም ነበር፤ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ የተናገረውን ከየት ይሰማሉ? ከደጁ ላይ ሲለማመጡ ቆይተው በሎሌው በኩል መልስ መጣላቸው፦ ልጅህ ቃሉን በተናገረበት ቦታ መልሶ ያንሳው።

ከዚያ በቀጥታ የአባቴ ሱቅ መጡ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ካኪ ሱሪ እየዘመዘምኩ ነበር። የማሩን እንስራ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ አባቴ ያቀረበላቸውን ቆሎ ሳይነኩ፣ ከድር ከትምህርት ቤት እስኪመጣ በሩን እያዩ ተቀመጡ። በሩ ፊት ለፊት የተራራው ወገብ ድረስ ደመና ወርዶ ነበር። ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ እንደሆነ ሁላችንም አይተነዋል፤ የነጣ ገብስ ላይ ከዘነበ ዘለላው ውስጥ እንዳለ ይበቅላል፣ ያኔ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም። ከድር ሲገባ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርሱ በኦሮምኛ ነገሩን ነገሩት።

«አቦ» አለ ከድር፤ አባቱን የሚጠራቸው እንዲህ ነው። «እኔ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ሰው ነው የተናገርኩት።»

«እሳቸው ግን ገብቷቸዋል» አሉት። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዋሸህ አላልኩህም። ገብሱ ግን ቆሟል። ሰማዩን አይተኸዋል።»

እኔ አላስችለኝ አለና ለሚስተር ፒተር እንንገረው አልኩ። አባቴ አርፈሽ ተቀመጪ ብሎ ገላመጠኝ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። አስተማሪው ነገ አገሩ ይሄዳል፣ ቀኛዝማች የትም አይሄዱም አሉኝ። ከዚያ ለከድር የሚበላ ነገር ገዝተው ሰጡትና እንስራቸውን አንስተው ወጡ። ከድር ሳይበላ ይዞት ቆመ።

እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። ይቺ ቃል ስንት ዘመን ሆናት፣ አሁንም ስትመጣብኝ ያቃጥለኛል። ያን ጭሰኛ ከድር ያየውን ያህል አጥርቶ ያየው ሌላ አንባቢ ማን ነበር? ቀኛዝማች! መጽሐፉን ሳይገልጡ፣ ልጃቸው ራት ላይ ስታወራ ብቻ ሰምተው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው አስተማሪ ፍቅር ነው ሲለን እሳቸው ግን ፍርሃት መሆኑን፣ ያ ፍርሃት ደግሞ ስሙ እንዳይጠራ መደረግ እንዳለበት በሚገባ ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ከድር ትምህርቱ ገና ሳይጀመር እጁን አወጣ። ሲነሳ ዴስኩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «ሰር፣ ተሳስቼ ነበር» አለ። «ጭሰኛው ማሩን የሚያመጣው ስለሚወደው ነው። ባለርስቱ ደግ ሰው ነው።» ይሄን ሲናገር አስተማሪውን አላየም፣ ጽጌን ነው የሚያየው፤ መስማቷን እርግጠኛ መሆን ነበረበት። ጽጌ አቀርቅራ የመጽሐፉን ጠርዝ ትልጥ ነበር።

ሚስተር ፒተር በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። ማንበብ ማለት ይሄ ነው አለ። መጀመሪያ ያየነውን ትልቅ መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ ያርመዋል አለ። ከዚያ፣ አይ እሱ፣ እዚያ ላይ እንኳን አልተወውም፤ የትኛው ገጽ ነው ሐሳብህን ያስለወጠህ ብሎ ጠየቀው።

ከድር መጽሐፉን ከጽጌ ፊት ሳበና ገለጠ። የት እንደገለጠ አላየም፤ እዚያው ዴስክ ላይ ስለሆንኩ አይቻለሁ። የተገለጠው ቦታ ላይ ባለርስቱ ፈረሱን እያሻሸ ስኳር ያጎርሰዋል። አስተማሪው ጮክ ብሎ አነበበውና፣ አዎን፣ እንስሳ የሚወድ ሰው ልቡ ክፉ አይሆንም ብሎ ክፍሉን አስጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ተነስቼ ውሸቱን ነው፣ አስዋሽተውት ነው ብዬ መጮህ ነበር የፈለግኩት፤ ከድር ግን ከጎን ዓይኑን ጣለብኝ፤ ዝም በይ ነው የሚለኝ። ብጮህ ገብሱ አይታጨድም። ንዴትን እንደዚያ ጊዜ ውጬው አላውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ገበያውን በተነው፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ፣ አደረ። ገማቹ ገሰራ የደረሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ቀኛዝማች ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ ልከውታል። ገብሱ ተኝቶ፣ ጠቁሮ፣ ዘለላው ውስጥ አረንጓዴ በቅሎበት አገኘው። ያ ሰው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አገዳውን አየ። አገዳው የሚያምር ስለሆነ ዝናብ ባይነካው ይሄን ያህል ይወጣው ነበር ብሎ ገመተ። የከድር አባት ያላጨዱትን ገብስ ድርሻ ወይፈናቸውን ሸጠው ከፈሉ። ማሩም፣ እንዳትጠይቁኝ፣ ገባ።

ለአክስቲቱ የሚላክ ገብስ ስላልነበረ ከድር ትምህርቱን አቆመ። ሊሰናበተኝ ሱቅ መጥቶ፣ ስለ መጽሐፉም ስለ ምንም ሳያነሳ፣ አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ በነፃ ተክሎለት ሄደ። ከዓመታት በኋላ አጋርፋ ወፍጮ ቤት ይሠራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ከዚያ ወሬውም ጠፋ። ጽጌን ለረጅም ጊዜ አላናገርኳትም። ለሳቅ ብዬ ነው የተናገርኩት ብላ አልቅሳብኛለች፤ እውነቷን ነው፣ አሁን ቁጣዬን በእሷ ላይ አላባክንም። ሚስተር ፒተር ዓመቱ ሲያልቅ አገሩ ሊገባ ሲሰናበተን፣ ጎባ ውስጥ በጣም የተደሰትኩት ከድር ሐሳቡን የለወጠ ቀን ነው አለን። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ የገጠር ልጆች ትምህርት ላይ አይዘልቁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አያውቅም ነበር ይሉኛል። አዎ፣ አያውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ አብሮን ውሎ፣ ከማን ጋር እንደሚውል አለማወቅ እንዴት ሆኖለት ነው? አንድ ልጅ በአንድ ሌሊት የሚያምንበትን ሲገለብጥ ምን ነክቶህ ነው ብሎ መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ይፈልጋል?

ይሄን ሁሉ ስነግራት ኮምባይነሩ ቆሞ፣ ሠራተኞቹ አጥሩ ስር ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ሜሮን መጽሐፉን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። እኔ መጽሐፉን ያኔውኑ በንዴት እስከ መጨረሻው እንዳነበብኩት ነገርኳት። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ጭሰኛ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር። ባለርስቱ በሌለበት ምን እንደሚል መስማት ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ አንድም ቦታ ብቻውን የለም። ሲታይም ጌታው ፊት ነው፣ ሲስቅም ጌታው ፊት ነው፣ ሲሞት እንኳን ጌታው አልጋው አጠገብ ቆሟል። ደራሲው ቤቱ ድረስ አብሮት ሄዶ አያውቅም።

ሜሮን ገጾቹን ወደፊት ወደኋላ ስታገላብጥ ቆየች። የምታገኘው ነገር እንደሌለ ስለማውቅ አልረበሽኳትም። በመጨረሻ «ታዲያ ስጠየቅ ስለ ጭሰኛው ምን ልበል?» አለችኝ።

«እስካሁን አላየሁትም በይ» አልኳት። «ብቻውን አሳዩኝና ያኔ ምን እንደተሰማኝ እነግራችኋለሁ በይ።»